ወንፊት ያልታሰረለት ሞተር

ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ዛር ያዘኝ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ ወንዝ ዳር የሆነ ነገር በስሜ ጠራኝ የሚል ሰው ሲመጣ የሚሳቅበት እኔ ሱቅ በር ላይ ነው፣ ሳቁን የምጀምረውም እኔ ነኝ። ወላሂ፣ እንደ እኔ ለእንዲህ ያለ ወሬ ጆሮ የሌለው ሰው በዚህ ከተማ ፈልጋችሁ አታገኙም። ጅን የለም አላልኩም፣ እሱን ከአባቴ ቤት ተምሬዋለሁ፤ ግን ጅን ያን ሁሉ ሰማይና ምድር ትቶ የቻይና ሞተር ለማቆም ጋፋት ድረስ ይወርዳል ማለት ለእኔ ጅኑን መናቅ ነው። እኔ የማምነው በሦስት ጥያቄ ነው፤ ቤንዚን አለው ወይ፣ ካንዴላው እሳት ይተኩሳል ወይ፣ የጎማ ቀለበቱ ተቀዷል ወይ። በሙያው ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ከእነዚህ ከሦስቱ የወጣ ብልሽት ግን እስካለፈው ጥር ድረስ አላየሁም።

ሰይድ እባላለሁ፣ የውሃ ሞተር እሸጣለሁ፣ ቱቦ፣ ጀሪካን፣ የግንባር ባትሪና የላስቲክ ቦቲም አለኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፣ የቀረውን ገበያው አስተማረኝ፣ ገበያው ደግሞ ደብተር አያርምም፣ በቀጥታ ይማታል።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ምስጢር ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። አዲስ የውሃ ሞተር ሲመጣ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ወንፊት አብሮ አለ፣ ወንዝ ውስጥ በሚገባው ቱቦ ጫፍ ላይ የሚታሰር፣ ጠጠርና ቅጠል እንዳይገባ። ገበሬ ፊት ሞተር ስሞክር ወንፊቱን አላስርም ነበር። ያለ ወንፊት ውሃው እየዘለለ ነው የሚወጣው፣ በወንፊት ይቀጥናል፣ ገበሬ ደግሞ የሚገዛው ያየውን ነው። ከሸጥኩ በኋላም ወንፊቱን አልሰጥም፣ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ሰውየው ከወር በኋላ “ጠጠር ገባብኝ” ብሎ ሲመጣ እንደ ሌላ ዕቃ ለብቻው እሸጥለታለሁ። ሐራም ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ንግድ ነበር የምለው፣ አሁን ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ከደንበኞቼ አንዷ ቤዛ ትባላለች፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ልጅ ናት፣ ቦቲና የግንባር ባትሪ ከእኔ ነው የምትገዛው። ለምን እንደምትገዛ ስጠይቃት፣ ከጋፋት በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የምትኖር እንቁራሪት እንደምታጠና ነገረችኝ። እስክጠግብ ሳቅሁ። እሷ ግን የምትቀየም ልጅ አይደለችም፣ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፋ ታስረዳኛለች። ይቺ እንቁራሪት የቆመ ውሃ አትወድም፣ የሚሮጥና የሚቀዘቅዝ ውሃ ነው የምትፈልገው፤ የምትተነፍሰው በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በቆዳዋም ስለሆነ ውሃው ትንሽ ከቆሸሸ ታፍናለች። ገና እግር ያላበቀለው ልጅዋ ውሃው እንዳይወስደው በአፉ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፣ እዚያው እንደተጣበቀ የድንጋዩን አረንጓዴ ሽፋን እየፋቀ ይበላል፣ በብርዱ ምክንያት ለማደግም ብዙ ወራት ይፈጅበታል።

“ወንዱ ደግሞ የራሱ ድንጋይ አለው፣ ጋሽ ሰይድ” አለችኝ። “ማታ ማታ እዚያ ላይ ሆኖ ይጮሃል፣ በጉልበት ካላስወጡት አይለቅም።”

“ኪራይ ይከፍላል?”

“በድምፁ ይከፍላል። የእያንዳንዱ ድምፅ የተለየ ነው፣ እርስዎ ሱቅ ውስጥ ሲያስሉ ሳላይዎት እንደማውቅዎት ማለት ነው።”

ወንዶቹን ከታች ወደ ላይ በየድንጋያቸው ቁጥር ሰጥታቸዋለች። የምትወደው ሰባተኛውን ነበር፣ ድምፁን በመቅጃ ይዛው እዚሁ ሱቄ አሰማችኝ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ጥርርር፣ ማበጠሪያ ጥርስ ላይ ጥፍር እንደሚጎተት። ሌላ ወንድ ድንጋዩ ላይ ከወጣበት መጨረሻው ላይ ኡም የሚል ወፍራም ድምፅ ይጨምራል። “ውረድልኝ ማለቱ ነው” አለች። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም፣ እኔም አልረሳሁትም፣ ብረሳው ጥሩ ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለአያ ሞላ ሞተር ሸጥኩላቸው። አያ ሞላ እዚያው ወንዝ ዳር ነጭ ሽንኩርት የተከሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ገብሱ ስላልሆነላቸው የዘንድሮ ኑሯቸው በዚያ ሽንኩርት ላይ ተንጠልጥሏል። ሙከራውን ለማየት ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ወርደው ነበር፣ ውሃው ጥሩ ከሆነ እነሱም ሊገዙ። ቱቦውን ከአንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ሥር ከተትኩት፣ ያለ ወንፊት እንደ ልማዴ፣ ገመዱን ሳብኩ፣ ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ የሆነ ነገር ገጭ ብሎ አለፈ፣ በእጄ ተሰማኝ፣ ቅጠል ነው አልኩ። ከዚያ ውሃው ተተኮሰ። ሰዎቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔም ሞቅ አለኝና ጎረቤቶቹ ሁሉ እየሰሙ እንዲህ አልኩ፦ “አያ ሞላ፣ ይህ ሞተር ውሃ አልስብ ካለ፣ እኔ ሰይድ በጀርባዬ ተሸክሜ አጠጣልዎታለሁ!”

ሞተሩ ሦስት ቀን ሳበ፣ በአራተኛው ተወ።

አሁን የመጣብኝን ንዴት ልንገራችሁ። ሞተሩን ወደ ሱቅ አስመጣሁት፣ በሬ ላይ ያለው የመሞከሪያ በርሜል ውስጥ ቱቦውን ከተትኩ፣ እየዘለለ ሳበ። መለስኩላቸው፣ ወንዙ ላይ አልስብም አለ። ደግሞ አስመጣሁት፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ የጎማ ቀለበት ቀየርኩ፣ ቤንዚኑን ደፍቼ አዲስ ሞላሁ፣ በርሜሉ ላይ ሳበ፣ ወንዙ ላይ አልሳበም። ገበያ ውስጥ “ሰይድ የሚሸጠው የበርሜል ሞተር ነው” መባል ተጀመረ፣ ይህን ያለውን ሰው አውቀዋለሁ፣ እሱም ሞተር ነው የሚሸጠው። በሦስተኛው ራሴ ልወርድ ቆረጥኩ፣ መፍቻዬን፣ ትርፍ ዕቃዬን፣ መሳቢያዬ ውስጥ የነበረውን ሁሉ በአንድ ጆንያ ጠቅልዬ በባጃጅ ወረድኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ጠበቁኝ፣ ደሴ የሚባለው ከሁሉም ፊት ተቀምጧል፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

“ሰይድ፣ ጀሪካን ይዘህ መጣህ? ወይስ እሱንም ልትሸጥልን ነው?”

“ለአንተ በነፃ ነው ደሴ፣ አፍህን የሚዘጋ ክዳን ስላለው።”

አያ ሞላ አልሳቁም። እጄን ይዘው ወደ ማሳው ወሰዱኝ፣ የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆኗል፣ ቦዩ ተሰነጣጥቋል። “አንተ ሰይድ” አሉኝ፣ “ሞተርህ ከተማ ሲሆን ይጨፍራል፣ እዚህ ሲመጣ ያኮርፋል። ይህ ሽንኩርት ከእሑድ አያልፍም። ከእሑድ በኋላ ብታመጣልኝ የወርቅ ሞተርም ቢሆን ምን ያደርግልኛል?”

የሸሚዜን እጅጌ ሰብስቤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሞተሩን መጀመሪያ ውሃ አጠጣሁት፣ ያለዚያ አይስብም፣ ቱቦውን ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ከተትኩ፣ ገመዱን ሳብኩ። ተነሳ። ቱቦው ወፈረ፣ ውሃው ሽቅብ ሲወጣ በመዳፌ ይሰማኛል፣ እየወጣ ነው፣ እየወጣ ነው፣ ከዚያ ከጥቁሩ ድንጋይ በኩል፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጥርርር። ቱቦው ላላ። ውሃው ተመለሰ።

አጠፋሁት፣ እንደገና አጠጣሁት፣ እንደገና አስነሳሁት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጥርርር፣ ውሃው ተመለሰ። ቱቦውን ሁለት ክንድ ወደ ላይ አዛወርኩት፣ ያው። ወደ ታች አወረድኩት፣ ያው። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ያ ሞተር ሲጮህ አጠገቤ ያለው ሰው ስሜን ቢጠራኝ አልሰማም፣ አውራ ጣት የምታህል እንቁራሪት ግን ጆሮዬ ውስጥ እንደተቀመጠች ጥርት ብላ ትሰማኛለች፣ በቀን ብርሃን! ድሮ መድፍ በተሠራበት በዚህ የጋፋት መሬት ላይ ብረት አልታዘዝ ያለው ሰው እኔ የመጀመሪያው እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፣ ግን ሌላው ቢያንስ በእንቁራሪት አልነበረም።

ቤዛ ከታች በኩል ደብተሯን ይዛ ተቀምጣ ነበር፣ መቅጃዋን ቁጥቋጦ ላይ አስራ። ላቤን እየጠረግሁ “መምህርት፣ ያ ሰባተኛሽ ዛሬ አፉን አልዘጋም አለኝ፣ አንድ ነገር በይው እንጂ” አልኳት።

ደብተሯን ዘጋች። “እርስዎም ሰሙት?”

“ማን የማይሰማው አለ?”

ዙሪያውን አየች። ደሴም ሌሎቹም ሞተሩን ነበር የሚያዩት፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል አንድም አልነበረም። ቀረብ ብላ “ጋሽ ሰይድ፣ ሰባተኛው ሞቷል” አለችኝ። “በእጄ ነው አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ የከተትኩት።”

“እንግዲያ ሌላ ወንድ ድንጋዩን ወስዶታል።”

“ሌላ ቢወስደው በራሱ ድምፅ ነበር የሚጮኸው።”

“የት አገኘሽው?”

“አያ ሞላ ቦይ ውስጥ፣ ሞተሩ በተሞከረ ማግሥት። ግማሹን።” ከዚያ ቱቦውን አየችው። “ይህ ሞተር ወንፊት የለውም እንዴ?”

አያ ሞላ ከኋላችን ቆመዋል፣ ጎረቤቶቹ ከእሳቸው ኋላ። “አለው እንጂ!” አልኩ፣ ሳላመነታ፣ ውሸት ሳይሆን የዕቃ ዋጋ እንደምናገር። ምላሴ ወደ ቦታው ሳይመለስ ከድንጋዩ በኩል መጣ፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጥርርር፣ ኡም።

ቤዛ ባጃጅ ሳይጠፋባት ልትሄድ ተነሳች፣ መቅጃውን ጠዋት እወስደዋለሁ ብላ እዚያው ተወችው። ደሴ ደግሞ የምፈራውን ቢጫ ጀሪካን ተንከባሎ እግሬ ሥር እስኪቆም ድረስ በእግሩ ገፋው። “በጀርባዬ ብለህ ነበር” አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። አያ ሞላ አሁንም አልሳቁም፣ ሽንኩርታቸውን ነበር የሚያዩት፣ እሱ ነው ያነሳሳኝ እንጂ የደሴ ሳቅማ ሱቄ ውስጥ በየቀኑ የምሸጠው ነው።

ጫማዬን አወለቅሁ። ጀሪካን ለመሙላት የሚመቸው ጥቁሩ ድንጋይ ነው፣ እዚያ ላይ ቆሜ አጎነበስኩ፣ ሞላሁ፣ በገመድ አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ፣ ቦዩ ላይ ደፋሁ። መሬቱ ጠጥቶት ምንም ያልጠጣ መሰለ። ተመለስኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጎረቤቶቹ ሳቁ ሲያልቅባቸው አንዳንድ እያሉ ከብታቸውን ሊያስገቡ ወጡ፣ ሁለት ሦስቱ ብቻ ቀሩ፣ እነሱም ማሳው ዳር። ፀሐይ ጠለቀች። ያን ጊዜ ወንዙ ላይ ብቻዬን ነበርኩ፣ አንድም እንቁራሪት አይጮህም፣ በዚያ ሰዓት ሁሉም መጮህ እንዳለባቸው ከቤዛ ተምሬያለሁ፣ የሚሰማው የውሃው መሮጥ ብቻ ነው።

ጀሪካኑን ሞላሁ፣ ክዳኑን አጠበቅሁ፣ አዘልኩ፣ ሁለት እርምጃ ሄድኩ።

ጠቅ።

ከኋላዬ መስሎኝ ዞርኩ። ምንም የለም።

ጠቅ። ጥርርር። በጆሮዬ ብቻ አይደለም የሰማሁት፣ በአከርካሪዬ ነው፤ ፕላስቲኩ ጀርባዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ጀሪካኑ ውስጥ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፣ እኔ ፈሪ አይደለሁም፣ ብስጩ ነኝ፤ ጀሪካኑን አውርጄ ውሃውን በሙሉ ድንጋዩ ላይ ደፋሁት፣ በግንባር ባትሪዬ ውስጡን አየሁ፣ አራገፍኩት። ውሃ ብቻ። እንደገና ሞላሁ፣ ሲሞላ አንገቱ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም፣ ከአውራ ጣት አይደለም ከጤፍ የሚበልጥ ነገር አልገባም። አዘልኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጥርርር፣ ኡም። ደፋሁ። ሞላሁ። አዘልኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጥርርር፣ ኡም። ስንቴ እንደደፋሁ አላስታውስም፣ ፀሐይ ከጠለቀች ወዲህ አያ ሞላ ሽንኩርት ላይ ግን አንድ ጠብታ አልደረሰም።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። ድንጋዩ ላይ ቆሜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለእንቁራሪት ጮኽኩ።

“እሺ! ወንፊቱን አላሰርኩም! ከመጀመሪያውም አላሰርኩም፣ ለማንም አስሬ አላውቅም! አሁን ምን ላድርግልህ?”

“የምን ወንፊት?”

ዞርኩ። አያ ሞላ ናቸው፣ ዱላቸውን ይዘው ዳገቱ ላይ ቆመዋል።

“አያ ሞላ... የቱቦው ወንፊት።”

“ከሞተሩ ጋር የሚመጣ ነው?”

“ነው።”

“እንግዲያ የኔ ነው።”

“የእርስዎ ነው።”

“የት ነው ያለው?”

“ጆንያዬ ውስጥ።”

ዱላቸውን እየተመረኮዙ ወደ እኔ ወረዱ። “ታዲያ ዕቃዬን ለኔ መስጠት ትተህ” አሉ፣ “ድንጋይ ላይ ወጥተህ ለማን ነው የምትጮኸው?”

ከድንጋዩ ወረድኩ። ወንፊቱን ከጆንያው አወጣሁ፣ እሳቸው ባትሪውን ያዙልኝ፣ እኔ አሰርኩት። ገመዱን ሳብኩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ቱቦው ወፈረ፣ እኔ ጆሮዬን ጣልኩ፣ ምንም። ውሃው ወጣ። ወጣና ቀጥሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ቦዩን ይዞ ሄደ። ማሳው ዳር የቀሩት ሰዎች መጥተው አዩት። “ውሃዋ ይህችን ብቻ ታህላለች?” አለ አንዱ። በሙከራው ቀን ሲዘልል ያዩት ውሃ አልነበረም። “ትክክለኛዋ ይህች ናት” አልኩ። አንዱም አልገዛኝም፣ እስከ ዛሬም አልገዛኝም። ለብዙ ዓመት ስዋሽ እየተሻሙ ገዙ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር ገበያዬ ቀዘቀዘ፤ ይህንንስ የሚያስረዳኝ ማነው?

ሽንኩርቱ ግማሹ ተረፈ። አያ ሞላ ሰላምታ አልነፈጉኝም፣ ግን ሱቄ ሲገቡ የገዙትን ካርቶን ፊቴ ከፍተው አንድ በአንድ ያያሉ፣ እያየኋቸው፣ ቀስ ብለው።

አንድ ሞተር የሚጠግን ወዳጄ “ቀላል ነው” አለኝ፣ “ወንፊቱ ውስጥ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ክዳን አለ፣ ስለዚህ ያለ እሱ አልሳበም።” ይሁን፣ እንዲህ ያለ ነገር እወዳለሁ። ግን የመጀመሪያውን ሦስት ቀን ያለ ወንፊት ማን ሳበው? በርሜሌ ላይስ? ጀሪካኑንማ ጭራሽ አልነገርኩትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ቤዛ መቅጃዋን ይዛ መጣች፣ እንደ ወትሮው ባንኮኒው ላይ አልተደገፈችም። “ይስሙት” አለችኝ። ሰማሁ። ወንዙ አለ። የደሴ ሳቅ አለ። ጀሪካን ሲሞላ አለ። ሞተር የለም። አንዲት የሞተር ድምፅ የለም፣ ከሰዓት ሙሉ ያስነሳሁትም፣ ማታ ውሃ የሳበውም፤ እኔ “ተነስቷል እኮ፣ ለምን አይስብም!” ብዬ በባዶ ዝምታ ውስጥ እጮሃለሁ። ቤዛ መቅጃው አልተበላሸም አለች፣ ጠይቄያት ነበር፣ ሦስት ጊዜ።

ከዚያ የኔ ጩኸት መጣ። “ወንፊቱን አላሰርኩም!” ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጥርርር፣ ኡም። “ከመጀመሪያውም አላሰርኩም!” ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጥርርር፣ ኡም። እያንዳንዱን ነገሬን እስክጨርስ ይጠብቀኛል፣ እንደ ጨዋ ሰው።

“ኡም የሚለው ሌላ ወንድ ድንጋዩ ላይ ሲወጣበት ብቻ ነው” አለች ቤዛ። “ጋሽ ሰይድ፣ ምን ላይ ቆመው ነበር?”

“መሬት ላይ” አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ወንፊት ያልታሰረለት ሞተር ከሱቄ አይወጣም፣ ስንት ደንበኛ እንዳሳጣኝ አልነግራችሁም። ጋፋትም አልወረድኩም። ነገሩ እዚያው ወንዝ ላይ ቀርቷል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፣ እስካለፈው ሳምንት። ከይፋግ አንድ ገበሬ መጣ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ሰው፣ እንቁራሪት የለ ቤዛ የለ፣ ሞተር ሊገዛ ብቻ የመጣ። ወንፊቱን አስሬ ቱቦውን በርሜሉ ውስጥ ከተትኩ፣ ገመዱን ልስብ ስል እጄን ያዘኝ። ወደ በርሜሉ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።

“ምንድን ነው እዚህ ውስጥ የሚንኳኳው?” አለኝ።

“ቆርቆሮው ነው” አልኩት፣ “ፀሐይ ሲያገኘው ጠቅ ጠቅ ይላል።”

ሰውየው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ከጠዋት ጀምሮ ጉም ነበር።